በጾም የተወለደው ባንድ

ደብረ ታቦር ውስጥ ድንኳን፣ ወንበርና ሳህን የሚያከራዩ አንዲት ሴት ዘንድ እሠራለሁ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ሥራዬ ከሰርግ የተመለሰውን ድንኳን ማጠብ፣ የተቀደደውን መስፋት፣ የወጥ እድፍ የያዘውን እስኪለቅ ማሸት ነው። እኛ ሰርግ ላይ የምንታየው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ነው፤ ድንኳኑ ሲተከልና ሲነቀል። መካከል ላይ ያለውን ዘፈን የሚሰማው ሌላ ሰው ነው። እኔ ግን ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ጾም ሙሉ፣ ሌላ ሰው ያልሰማውን ሰምቻለሁ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ እንዴት እንደሚጻፍ በደንብ አላውቅም፤ ዝም ብዬ እንዳልረሳው ግን ፈራሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ ይቆማል። ድንኳኑ ተጣጥፎ መጋዘን ይገባል፤ ወንበሩ እስከ ጣሪያ ይደረደራል። የሰርግ ሙዚቀኞችም እንደ ድንኳኑ ናቸው፤ ሃምሳ አምስት ቀን የሚፈልጋቸው የለም። ያ ዓመት ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት የገቡበት ነበር። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሰርግ ባንዴ ሲቆም በከተማችን ሥራ ያለው ሙዚቀኛ ጠፋ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን የምነግራችሁ አራት ሰዎች አንድ ላይ አይቆሙም ነበር። አንደኛው ድራመሩ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በማርሽ ባንድ ያገለገሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው። ሁለተኛው ኪቦርዲስቱ ነው፤ አባቱ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው፣ እሱም ቀን ጨርቅ እየለካ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ይጫወታል። ሦስተኛዋ ዘፋኟ ናት፤ ከአዝማሪ ቤት የተወለደች፣ ያየችውን ሁሉ ወዲያው በግጥም የምትመልስ። አራተኛው ጊታሪስቱ ነው፤ ከሁሉም ዝምተኛው። አራቱም የየባንዳቸው አውራ ነበሩ። ሰርግ የሚደግስ ሰው ዘፋኟን ሲያገኝ ኪቦርዲስቱን ያጣል፣ ጊታሪስቱን ሲያገኝ ጋሼን ያጣል። አራቱንም በአንድ ድንኳን ውስጥ ያየ ሰው አልነበረም።

ያሰባሰቧቸው እትዬ ናቸው። ከትንሣኤ በኋላ ድንኳንና ባንድ አንድ ላይ ማከራየት አስበው ነበር። አራቱን መጋዘኑ ውስጥ አስቀምጠው ሲያማክሯቸው እኔ ጥግ ላይ ሳህን እደረድር ነበር።

«በጾም?» አለች ዘፋኟ። «እኔ በጾም አልዘፍንም። ለእናቴ ምዬላታለሁ።»

«ማን ዝፈኚ አለሽ?» አሏት እትዬ። «ተለማመጂ ነው ያልኩሽ። ልምምድ ቅቤ የለውም።»

«ለእኔ ያው ነው እትዬ። ድምፄ ከወጣ ገደፍኩ።»

«እንግዲያው አፍሽን ዘግተሽ ነይ» አሉ ጋሼ። «አፍሽን ዘግተሽ አይቼሽ አላውቅም። እኔ እሱን ለማየት ብቻ እመጣለሁ።»

ኪቦርዲስቱ ሳቀ። ጊታሪስቱ ፈገግ ብሎ ጫማውን አየ። እንዲህ ሆኖ ተጀመረ።

ከመጋዘኑ ጀርባ የአንድ ቄስ ቤት ስላለ ድምፁ እንዳይወጣ ማድረግ ነበረብን። እትዬ ድንኳኖቹን በገመድ ላይ ሦስት እጥፍ አድርጌ ዙሪያውን እንድዘረጋ አዘዙኝ። ሞንታርቦውን ወደ ግድግዳ አዙረን ብርድ ልብስ አለበስነው። የጋሼን የድራም ዘንጎች ጫፍ እኔ በጨርቅ ጠቀለልኩ። በግድግዳውና በድንኳኑ መካከል አንድ ሰው የምታስቀምጥ ቦታ ቀርታ ነበር። እዚያ ተቀምጬ እሰፋ ነበር። መኖሬን ያውቃሉ፤ ግን አያዩኝም። እኔ ሰው ሲያየኝ እጄ ስለሚተሳሰር ለእኔም ይሻለኝ ነበር።

የሚለማመዱት ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ምግብ የቀመሰ አልነበረም። ክርስቲያኖቹ ዘጠኝ ሰዓትን ይጠብቃሉ፣ ኪቦርዲስቱ የፀሐይ መጥለቂያን ይጠብቃል። ዘጠኝ ሲሆን ጋሼ «እኛ እንግዲህ ልንበላ ነው፤ ይቅርታ አድርግልን» ይሉታል። እሱም «ብሉ፣ የእናንተ ሽሮ ያው ሽሮ ነው። የእኔን ማታ ብታዩት ታለቅሳላችሁ» ይላቸዋል።

የመጀመሪያውን ቀን እንዴት ብዬ ልናገር። የተወለድኩት ጉና ተራራ ግርጌ ነው። እዚያ በረዶ ሲመጣ ከራሱ በፊት ድምፁ ይደርሳል፤ ከገብሱ ማዶ መሬቱን እየቆላ ይመጣል። ሰው የያዘውን ሥራ ትቶ ቆሞ ይሰማል፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለማ። የጊታሩ ድምፅ እንደዚያ ነው የመጣብኝ። ጊታሪስቱ በእግሩ የሚረግጣት አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረችው። ሲረግጣት ድምፁ ይሻክራል፣ ይሰፋል፣ ከስድስት ክር የወጣ አይመስልም። መርፌዬን ድንኳኑ ላይ ወግቼ እንዲሁ ተውኩት።

«ይሄ የምትጫወተው ምንድን ነው?» አሉት ጋሼ ሲጨርስ።

«ሮክ ነው ጋሼ።»

«እኔ እኮ አምባሰል መስሎኝ ነበር።»

«አምባሰልም ነው።»

«ታዲያ ምን አናደደው?»

ሮክ የሚለውን ቃል ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ከልጅነቴ የማውቀው ዜማ ነበር፤ ግን እንደዚያ ጠንክሮ፣ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ አላውቀውም ነበር። ጋሼ በጨርቅ የተጠቀለለ ዘንጋቸውን ይዘው ተከተሉት፤ ኪቦርዲስቱ ከሥር እንደ ጉም ዘረጋበት። ከየባንዱ የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ይፎካከራሉ ብዬ ነበር። እነሱ ግን አንዱ ሲነሣ ሌላው ዝቅ ይልለታል። ምናልባት ረሃቡ ይሆናል። የጠገበ ሰው እንደዚያ አይደማመጥም ብዬ አስባለሁ።

ከሁሉ የደነቀኝ ግን የዘፋኟ ነገር ነው። መካከል ላይ ወንበር አስቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ አገጭዋ ስባ፣ አፏን ዘግታ ትቀመጣለች። የእሷ ተራ ሲደርስ ከንፈሯ እንኳ አይንቀሳቀስም፤ እጇ ብቻ። መዳፏን ስታነሣ ድምፁ ይነሣል፤ ጣቷን ስታጥፍ ይቆማል። ሦስቱም ለእሷ ድምፅ ቦታ ይለቁላታል። የሌለ ድምፅ የሚያልፍበት በር ከፍተው ይጠብቃሉ። እኔም ከድንኳኑ ኋላ ሆኜ ባዶውን መስማት ለመድኩ። የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚረዝም፣ የት ትንፋሽ እንደሚወስድ አውቀው ጀመር። የሌለ ነገር እንዲህ ልክ እንዳለው ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጋሼ ተቆጡ። ጊታሪስቱን ሦስት ጊዜ ቁም ብለውት አልቆመም ነበር።

«ልጄ፣ ንቀኸኝ ነው?»

ጊታሪስቱ እጁን ከክሩ አነሣ። ከዚያ «አልሰማሁም ጋሼ» አለ። «በግራ ጆሮዬ አልሰማም። ልጅ ሆኜ ታምሜ ነው። እርስዎ በግራዬ ነው የተቀመጡት።»

እሱ ቀጠለ፦ «ከዚህ እንዳይወጣ። አንድ ጆሮ ያለውን ጊታሪስት ሰርግ የሚጠራው የለም።»

ጋሼ ተነሥተው ድራሙን ራሳቸው ጎትተው ወደ ቀኙ አዞሩት። ዘፋኟ ወንበሯን ፊት ለፊቱ አመጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑን ከእጇ አልነቀለም። ኪቦርዲስቱ አንድ ቀን «በጆሮው ስንት ዓመት ሲጫወት ከነበረው በዓይኑ የሚጫወተው ይበልጣል» ሲል ሰምቻለሁ። እውነቱን ነው። በድንኳኑ ስፌት መካከል ቀዳዳ ነበረች፤ መስፋት ሲገባኝ ትቼ በእሷ አየሁ። እጇ አየሩ ላይ ትጽፋለች፣ እሱ ያነባል።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ኪቦርዱና ጊታሩ ጸጥ አሉ። ማንም አላቆመም። ጋሼ ይመታሉ፣ ዘፋኟ እጇን ታነሣለች፣ የኪቦርዲስቱና የጊታሪስቱ ጣቶች ይሮጣሉ። የሚሰማው የክሩ ጭርጭርታና የኪቦርዱ ፕላስቲክ መንኳኳት ብቻ ነው። መብራቱ ሲመጣ ድምፁ መካከል ላይ፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ ገባ። እኔ ስፌቴን ትቼ መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ረመዳን ቀድሞ ወጣ፤ ኪቦርዲስቱ ግን ከእኛ ጋር እስከ መጨረሻው መጣ። ከዚያ ትንሣኤ ሆነ። ማክሰኞ፣ የቶማስ ዕለት፣ እትዬ ግቢው ውስጥ እንዲጫወቱ አዘዙ። ድንኳኖቹን አወረድኩ፣ ሞንታርቦውን ገለጥን፣ ከዘንጎቹ ጫፍ ጨርቁን ፈታሁ። የተጠራ እንግዳ አልነበረም፤ እትዬ፣ እኔ፣ ወንበር የሚጭኑት ወንዶች ብቻ ነን።

ዘፋኟ አፏን ከፈተች።

ሳይለካ የተሰፋ ልብስ ልክ ሲሆን አይቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት አየሁ። ድምፅዋ ስምንት ሳምንት ቦታ ሲጠበቅለት ወደ ቆየው ባዶ ገባ። ጠርዙ እንኳ አልተረፈም። የማውቀው ባዶ ሞላና ዓይኔ ራሱ ፈሰሰ። ጊታሪስቱ ሳጥኗን ረገጣት፤ ድምፁ አጥሩን አልፎ ሄደ። መንገድ ላይ ጋሪ የሚነዱ ሰዎች ቆሙ። ሴቶች ከነቅርጫታቸው በሩ ላይ ተደረደሩ። ከጀርባ ያሉት ቄስ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ለካ ይሄን ነው ሰሞኑን ግድግዳዬ ሲያንጎራጉር የነበረው» ብለው ገቡ። ሦስት ዜማ ተጫወቱ። አራቱ አንድ ላይ ሆነው በሰው ፊት የተጫወቱት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሳምንቱ አንድ ትልቅ ሰርግ ነበር። የሙሽራውም የሙሽሪትም ቤት ድንኳን የተከራዩት ከእትዬ ነው። የሁለቱም ቤት ሰው የቶማስ ዕለቱን ወሬ ሰምቶ «ያን ባንድ» አለ። እትዬ ለሁለቱም እሺ አሉ። የሁለቱም ድግስ በአንድ ቀን መሆኑን ያስተዋሉት ዘግይተው ነው። «ምን ችግር አለው» አሉ፤ «ሁለት ሁለት ሁኑ።» ጋሼና ጊታሪስቱ ወደ ወንድ ወገን፣ ኪቦርዲስቱና ዘፋኟ ወደ ሴት ወገን ሄዱ።

እኔ የሴቷ ቤት ድንኳን በንፋስ ተቀዶ ልሰፋ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ሲመጣ እንደ ወጉ የሴት ወገን በሩ ላይ ተደርድሮ መግቢያውን ዘጋ። በዚያ በር ላይ ስድብ ይፈቀዳል። የወንድ ወገን ይሰድባል፣ የሴት ወገን ይመልሳል፣ ሰዉ ይስቃል፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል፤ ቂም የሚይዝ የለም። ዘፋኟ ደግሞ ለዚያ የተወለደች ናት። የሙሽራውን ጫማ ሰደበች፣ የሚዜዎቹን ሆድ ሰደበች። ጋሼ ከውጭ በድራም እየመለሱ «ይቺ አፏ ተፈታ፣ እግዚኦ» ይላሉ። ጊታሪስቱም ይስቅ ነበር። እሷም ሳቁን አይታ፣ ወዳጅዋ ስለሆነ፣ ስለሚቀርባት፣ ወደ እሱ ዞረች፦

«ጊታር መቺያችሁን በቀኝ በኩል ጥሩት፣
የግራው በር ዝግ ነው፣ በከንቱ አታንኳኩት።»

ሰዉ በመጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ አንዱ በግራው በኩል ቀረብ ብሎ ጠራው፤ እሱ አልዞረም። ገባቸው፤ ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። ሌላውም ሞከረ። የዘፋኟ እጅ አፏ ላይ ሄደ፤ የወጣ ግን አይመለስም።

ጊታሪስቱ አልተሳደበም፣ አልተቆጣም። የጊታሩን ገመድ ነቀለ፣ ክርኑ ላይ ጠቀለለው፣ ሳጥኗን ከመሬት አንሥቶ ኪሱ ከተተና በሰዉ መካከል ወጣ። በሩ ተከፈተ፤ ሙሽራው ገባ። ሰርጉ ደስ የሚል ነበር ይባላል።

እንዳለውም ሆነ። ሰርግ የሚጠራው ጠፋ። የራሱ ባንድ እንኳ ሌላ ጊታሪስት አመጣ። እሱ ጋሳይ ከተማ እህቱ ዘንድ ሄዶ ሞባይል መጠገን ጀመረ። ዘፋኟ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ልትጠይቀው ሄዳ ሱቁን ዘግቶ አገኘችው። ያለፈው ዓመት ጾም ሲገባ ጋሼ ብቻቸውን መጋዘኑ መጡ። «ልምምድ አለ?» አሉኝ። የለም ማለት አቅቶኝ ወንበር አቀረብኩላቸው። ትንሽ ተቀምጠው ሄዱ።

ዘንድሮ ጋሼ መጋዘኑ ውስጥ ሳሉ ኪቦርዲስቱ መጣና ሌላ ወሬ አመጣ። ሁለቱ ጾሞች ዘንድሮም በአንድ ሳምንት ይገባሉ። «ረመዳን በየዓመቱ አሥር ቀን ያህል እየቀደመ ነው» አለ። «ከርሞ የእናንተ ሲገባ የእኔ ያልቃል። ከዘንድሮ በኋላ አብረን የምንጾመው እኛ ካረጀን ነው።»

«እኔማ ያን ጊዜ አፈር ነኝ» አሉ ጋሼ። ጾሞቹ ካልገጠሙ አንዱ ሥራ ሲፈታ ሌላው ሰርግ ላይ ነው፤ አራቱ የሚገናኙበት ጊዜ የለም። ዘንድሮ ካልሆነ አይሆንም።

ባለፈው ሳምንት ጋሳይ ለተዝካር ድንኳን ልንወስድ ነበር። ዘፋኟ ይህን ሰምታ መጣችና እጄን ያዘች።

«ሂጂና አንቺ ንገሪልኝ።»

«እኔ?» አልኳት።

«አንቺ። እኔ ስናገር ምን እንደማደርግ አይተሻል። ጾሙን እንደ ድሮው አፌን ዘግቼ እመጣለሁ በይው። ከጾሙም በኋላ ስለ እሱ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም።»

ጭነት መኪናው ላይ ድንኳኑ ጫፍ ተቀምጬ እስከ ጋሳይ ስለማመደው ነበር። ደርሼ ሱቁ ፊት ቆሜ ግን የያዝኩት ሁሉ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ ስልክ ይፈታል። «ደህና ዋልክ?» አልኩት፤ ዝም አለ። የተናቅኩ መሰለኝና ልመለስ ነበር። ከዚያ በግራው በኩል መቆሜን አየሁ። ዞሬ በቀኙ ቆምኩ።

«ደህና ዋልክ?»

ቀና አለ። «አንቺ የድንኳኗ ልጅ አይደለሽም? ድምፅ አለሽ እንዴ?»

የተላክሁትን ነገርኩት። እየተንተባተብኩ ነው፤ ግን ሳላስቀር ነገርኩት። ስለ ጾሞቹም ነገርኩት። መፍቻውን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሣው።

«የበር ስድብ መሆኑን አውቃለሁ» አለ። «በሷ አይደለም የተናደድኩት። ሰዉ በግራዬ እየመጣ ሲጠራኝ ነው ያመመኝ።» ከዚያ «አንቺ እዚያ ኋላ ምን ትሰሚ ነበር?» አለኝ።

ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ስለ በረዶው ነገርኩት። መብራት የጠፋ ዕለት መሬት ላይ እንደቀረሁ ነገርኩት። ባዶውን መስማት እንደለመድኩ፣ ቶማስ ዕለት ባዶው ሲሞላ እንዳለቀስኩ ነገርኩት። ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ሰማ። ስልክ የሰጠ ሰው መጥቶ ቢጠይቀው በእጁ ቆይ አለው።

«ሁለተኛውን ዜማ ቸኩለን ነበር» አለ በመጨረሻ። «እሷ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። እጇ ላይ አይቻለሁ።»

«እኔ ስህተት አልሰማሁም።»

«እኔ አይቻለሁ። ጋሼን ቀስ ይበሉ በያቸው።»

«ይመጣል ልበላቸው?»

«ቀስ ይበሉ በያቸው ነው ያልኩሽ» አለና ስልኩን መፍታት ቀጠለ።

ትናንት ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ አግኝቼ ቃሉን እንዳለ አደረስኩ። ኪቦርዲስቱ «ይመጣል አላለም?» አለ። አላለም አልኩ። ጋሼ ግን ሌላ አልጠየቁም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለተኛውን ዜማ በሁለት ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አደረጉ። ከድሮው ቀስ ያለ ነበር። ዘፋኟ ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ ትንፋሽ እየሳበች ተከተለቻቸው። ድሮ ትንፋሽ ባጠራት ቦታ ላይ አሁን አላጠራትም።

«እውነቱን ነው» አለች። «አሁን ትንፋሼ ይበቃኛል።»

ጾሙ ሰኞ ይገባል። ይመጣ እንደሆነ አላውቅም። ከጋሳይ የሚመጣው መኪና፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ ልምምዱ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳል።